ድጋሚ የተቀባ ኮፈን ጉርብጥብጥ ብሎብኛል፤ ቤት ውስጥ አሽቶ ማለስለስ ያዋጣል?

ሰማያዊ_በር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የገዛኋት መኪና ጥቁር ሰማያዊ ሜታሊክ ናት። ከእኔ በፊት ኮፈኗና የግራ የፊት በሯ ድጋሚ ተቀብተዋል፤ ስንት እጅ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) እንደተረጨባቸው የሚነግረኝ ሰው የለም። ከሩቅ ሲያዩዋት እንከን አይወጣላትም። ጠጋ ብሎ ኮፈኑ ላይ የአምፖል ነጸብራቅ ላየ ግን የአምፖሉ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ማለት ያለበት መስመር ሁሉ ይሰባበራል። በእጅ ሲዳሰስ አይቧጥጥም። ቀቢዎች «የብርቱካን ልጣጭ» የሚሉት እሱ ይመስለኛል። በሩ ላይ ደግሞ ከእጀታው በታች ወርዶ የደረቀ ክሊር አለ፤ ጥፍር ሲያልፍበት ጉብታው ይታወቃል። ጣሪያው የፋብሪካ ቀለሙ ነው፣ እሱ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ቦታዎች ብቅ ማለት ጀምረዋል።

የፖሊሽ ማሽን የሚያውሰኝ ሰው አለ። ሮታሪውም (ባለበት የሚዞረው) ዲኤውም (እየዞረ የሚወዛወዘው) አለው። ይሄን ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ ወይስ እንደገና ማስቀባት ነው ያለብኝ?

ቶሎ_ቶሎ

ምን ያስጨንቅሃል? ጠንከር ያለ ኮምፓውንድ (ላዩን የሚፍቀው የፖሊሽ ቅባት) ግዛና በማሽን ውልወል አድርገው፣ አለቀ። ብርጭቆ ወረቀት የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ። እኔ የራሴን ሁሌም እንደዚህ ነው፤ ታበራለች።

የድሮው_ቀቢ

ማብራት ሌላ፣ መስተካከል ሌላ። የማሽኑ ስፖንጅ ለስላሳ ስለሆነ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እየተከተለ እኩል ይወለውላል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው በጣም የሚያበራ ጉርብጥብጥ ነው። ጉብታውን ለይቶ የሚቆርጠው ከጀርባው ደልዳላ ብሎክ ያለው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

ነገር ግን ልጄ፣ ወረቀቱን ከማንሳትህ በፊት ከሥር ያለው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አለብህ። የፋብሪካ ቀለም ከብረቱ እስከ ላይ፣ ፕራይመሩም (የሥር ሽፋኑ) ቤዙም (ቀለሙ ራሱ) ክሊሩም ተደምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከለው እሱ ነው። ፖሊሽ ከእሱ ላይ አንድ ሁለት ማይክሮን ይወስዳል። ጉርብጥብጥ ለማስተካከል የሚደረግ እሽታ ግን በቀላሉ 10 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ይዞ ይሄዳል። ድጋሚ የተቀባ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ይገጥማል፤ አንዱ ክሊር አዝንቦበት ይሆናል፣ ሌላው ቆጥቦበት ይሆናል።

ስለዚህ ሦስቱን ነገሮች አትቀላቅላቸው። ኮፈኑ ሊታሽ ይችላል፣ የበሩ ጉብታ ለብቻው ይቆረጣል፣ ጣሪያው ግን የምፈራው እሱን ነው። በቅርብ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን።

ቶሎ_ቶሎ

እኔ ያልኩት ለማብራት ነው እንጂ... እሺ ጋሼ፣ ለእርስዎ እንተወው 😅

እህተ_ጋራዥ

የቀለም ውፍረት መለኪያ የሚያውስህ ሰው ብታገኝ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል። ሲገኝ ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ በማግኔት ብቻ የሚሠራው ዓይነት አሉሚኒየም ላይ አያነብም፤ አንዳንድ መኪና ላይ በሩ ብረት ሆኖ ኮፈኑ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አስጠግተህ ካልያዘ ለሁለቱም የሚያገለግል መለኪያ ያስፈልግሃል። ሁለተኛ፣ መለኪያው የሚነግርህ ከብረቱ በላይ ያለውን ጠቅላላ ውፍረት ነው። 300 አነበበ ማለት ክሊሩ ወፍራም ነው ማለት አይደለም፤ ከሥሩ ስቱኮ፣ የተጎዳ ብረት የሚሞላበት ማስተካከያ፣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው፣ ቁጥሩን አይቶ ልቡ ይሞላና እስከ ቤዙ ይወርዳል።

መጀመሪያ ፋብሪካ የቀባው ቦታ ላይ ለካ፣ ያ መነሻህ ነው። ከዚያ ኮፈኑን በብዙ ነጥብ ለካ። ቁጥሩ እኩል ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ ከሥሩ ስቱኮ አለ።

ሰማያዊ_በር

እናመሰግናለን! መለኪያ ተገኘ። የኋላው ኮፈን ላይ 115 አካባቢ ነው የሚያነበው። የፊት ኮፈኑ ከ190 እስከ 215 ይሄዳል፣ የሚዘል ነገር የለውም። በሩ መሐሉ ላይ 200 ገደማ፣ ወደ ታችኛው ጠርዝ ስወርድ ግን 480 አለ። ጣሪያው 105።

የጣሪያው ፎቶ ይኸው። ነጩ ነገር ውሃ ሲነካው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዱ ቦታ ላይ ጠርዙ በጥፍር ይያዛል።

የድሮው_ቀቢ

ጣሪያውን እርሳው። ክሊሩ ከቤዙ ለቋል። በፖሊሽም በሰምም የሚድን ነገር አይደለም፤ ማሽን ባስጠጋህበት ቁጥር ጠርዙ እየተላጠ ይሰፋል። ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

የበሩ የታችኛው ክፍል ስቱኮ ነው፣ እዚያ አትድረስ። ኮፈኑ ግን ደስ የሚል ንባብ ነው። ቢሆንም ከመለኪያው ይልቅ ዓይንህን እመን፤ የማይታይ ቦታ መርጠህ መዳፍ በማታህል ስፍራ በፒ 2000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይደቃል) ትንሽ እሽና የሚወርደውን ውሃ እየው። ነጭ ወተት የመሰለ ከሆነ የምትቆርጠው ክሊር ነው። ሰማያዊ ጠብ ካለ በቃ፣ እዚያው አቁም፤ ቤዙ ላይ ደርሰሃል። ሜታሊክ ቤዝ ደግሞ ከተነካ በፖሊሽ አይመለስም፣ ኮፈኑን በሙሉ ቤዝና ክሊር መርጨት ነው የሚጠብቅህ።

ሰማያዊ_በር

ነጭ ነው 🙌 አሠራሩን ከሀ እስከ ፐ ቢነግሩኝ ጋሼ።

የድሮው_ቀቢ

እሺ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አግባት፣ ኮፈኑ እጅ ሲያርፍበት ቀዝቃዛ ይሁን። በደንብ እጠባት። ቀጥሎ በሸክላ እሸው፤ ለመኪና ቀለም የሚሸጠውን የሚለጠጥ ሸክላ ማለቴ ነው። እጅህን ስስ ላስቲክ ውስጥ ከትተህ ኮፈኑን ብትዳስስ ባዶ እጅ የማይሰማውን ቆሻሻ ሁሉ ትሰማለህ። ያ ካልተነሳ ወረቀቱ ሥር ገብቶ እያረሰ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ጠርዞቹንና ኮፈኑ ላይ ያለውን ሸንተረር በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፣ ቢያንስ የአውራ ጣት ስፋት። ቀለም ሲረጭ ከጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ እዚያ ሁሌም ስስ ነው። አሽቶ ቤዝ ላይ የወረደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የወረደው ጠርዝ ላይ ነው።

ወረቀቱን ከመጀመርህ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይለሰልሳል። ውሃው ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርግ፣ ወረቀቱ እንዲንሸራተትና ዝቃጩ እንዳይጣበቅበት። በላስቲክ ብሎክ ጠቅልለህ ያዘው። በጣት ብቻ አትሽ፤ ጣቶችህ የሚጫኑበት ቦታ ቦይ ሆኖ ይቀራል፣ ያንን የምታየው ደግሞ ከተወለወለ በኋላ ነው። ክብ አትሥራ፣ ቀጥ አድርገህ ሂድና ተመለስ። ክብደትህን አትጣልበት፣ ወረቀቱ ራሱ ይቁረጥ።

በየጥቂቱ ውሃውን በመጥረጊያ ጎማ ጥረገውና እየው። መጀመሪያ ላይ መሬቱ ደብዛዛ ሆኖ በመሐሉ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ታያለህ። ደብዛዛው ወረቀቱ የነካው ጉብታ ነው፤ የሚያበራው ገና ያልተነካ ጎድጓዳ ነው። እያሸህ ስትሄድ ነጠብጣቦቹ እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ይሄዳሉ።

በፒ 1500 ጀምር፣ ወደ ፒ 2000፣ ከዚያ ወደ ፒ 3000። በየደረጃው አቅጣጫ ቀይር፤ የመጀመሪያው ከፊት ወደ ኋላ ከሆነ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ። ያኔ የቀድሞው ጭረት አለቀ አላለቀ በግልጽ ይለያል። በየመሐሉ ኮፈኑንም ብሎኩንም እጠብ፣ ውሃውን ድፋና ቀይር። መሬት የወደቀ ወረቀት አይነሳም፣ ጣለው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሠራኸውን ሁሉ ታበላሽብሃለች።

ብሎክ_በእጄ

ጋሼ በፒ 1500 ብርቱካኑ አይለቅም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያሽ ይውላል። እኔ በ1000 ነው የምጀምረው፣ አንዳንዴ በ800ም። የፒ 1500 ነገር ለአቧራ ጉብታ ነው።

የድሮው_ቀቢ

አንተ ራስህ የረጨኸው፣ አራት እጅ ክሊር ያለበት ከሆነ በፒ 1000 ጀምር፣ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ይሄ ልጅ ግን የሰው ሥራ ነው የያዘው። የፒ 1000ን ጭረት ለማጥፋት ብቻ ሌላ ክሊር ይሄዳል። ቢደክም ይሻለዋል።

እህተ_ጋራዥ

ቁጥር ላይ ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ከቁጥሩ በፊት «ፒ» መኖር አለመኖሩን እዩ። ፒ ያለው የአውሮፓው መለኪያ ነው፣ የሌለው የአሜሪካው ሊሆን ይችላል። ሻካራዎቹ ላይ ይቀራረባሉ፣ ወደ ደቃቁ ሲሄዱ ግን ይራራቃሉ። ፒ የሌለው የአሜሪካ 600 ከፒ 1200 ጋር ነው የሚቀራረበው፤ ቅንጣቱ 16 ማይክሮን ገደማ ነው፣ የፒ 600 ግን 26 ገደማ። «600 ተጠቀም» የሚል ቪዲዮ አይቶ ፒ 600 የገዛ ሰው ሳያውቅ በጣም ሻካራ ወረቀት ይዟል ማለት ነው።

ብሎክ_በእጄ

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ተባረኪ እህቴ። ለካ አንዳንዱ ወረቀት ቁጥሩ አንድ ሆኖ ይበልጥ የሚሻክረው ለዚህ ነው።

ቀይዋ_አሮጊት

ይቅርታ ክሩን ጠለፍኩት። የእኔ የድሮ ሞዴል ቀይ ናት፤ ኮፈኗና ጣሪያዋ ነጣ ብሎ ሮዝ ሆኗል፣ በእጅ ሲነካ ዱቄት ይለቃል። ይሄም እንደ ጣሪያው ነው?

እህተ_ጋራዥ

አይደለም፣ አንቺ ዕድለኛ ነሽ። የማይታይ ቦታ ላይ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርገሽ እሺው። ጨርቁ ቀይ ከሆነ ቀለሙ ክሊር የሌለው፣ ቀለሙ ራሱ የላይኛው ሽፋን የሆነበት የድሮ ዓይነት ነው። ላዩ በፀሐይ ተቃጥሎ ነው የነጣው፤ የሞተው ሽፋን ሲነሳ ከሥሩ ቀዩ ይመለሳል። ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልግሽም፣ በስፖንጅና በመካከለኛ ፖሊሽ ይወጣል። ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ እጠቢ፣ በቀለም ይሞላል። ሲያልቅ ሰም ቀቢው፣ ያለበለዚያ ተመልሶ ይነጣል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ክሊር አለ ማለት ነው፣ ያኔ ተመለሽና እንነጋገር።

ቀይዋ_አሮጊት

ጨርቁ ደም መሰለ 😂 አመሰግናለሁ!

ሰማያዊ_በር

ኮፈኑን ጀምሬያለሁ። የመጥረጊያ ጎማውን ነገር ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ ጋሼ፤ ውሃው ላዩ ላይ እያለ ሁሉም የተስተካከለ ይመስላል፣ አንዴ ጠረግ ሲደረግ ነው እውነቱ የሚወጣው። ውሃው ከጎማው ፊት ሸሽቶ ሲያልቅ ግራጫ መሬት ይቀራል፣ በላዩ ላይ የመርፌ ራስ የሚያክሉ የሚያበሩ ነጥቦች። ግማሹ በፒ 1500 አልቋል፣ ውሃው እስካሁን ነጭ ነው። አሁን ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ነጥቦቹ አልጠፋ ብለዋል፤ በተለይ መሐሉ ላይ። እስኪጠፉ ልቀጥል?

የድሮው_ቀቢ

አትቀጥል። ከመቶ ዘጠናው ከደበዘዘ ዓይን አይለየውም። የቀሩት ነጥቦች በጣም ጥልቆቹ ናቸው፤ እነሱን ለማጥፋት ዙሪያቸውን በሙሉ ወደ እነሱ ደረጃ ማውረድ አለብህ። ፋብሪካ የወጣ መኪና ላይም ቢሆን እኮ ትንሽ ጉርብጥብጥ አለ። እንዲያውም ኮፈኑ መስታወት ሆኖ ጎኖቹ የፋብሪካ ከሆኑ «ይሄ ተቀብቷል» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። መከላከያውንና ኮፈኑን አጠገብ ለአጠገብ አስተያይና ሲመሳሰሉ ተወው።

ቶሎ_ቶሎ

እኔ ደግሞ መኪናዬ መስታወት እንድትሆን ነው የምፈልገው፤ ለሚቀጥለው ቀለም ያኔ ይታሰባል።

የድሮው_ቀቢ

የራስህ መኪና ነው፣ የሚከለክልህ የለም። ሦስት ዓመት ቆይተህ ስለ ጣሪያ ክር ትከፍታለህ።

ሰማያዊ_በር

😂😂 እሺ፣ አቆምኩ። የበሩ ጉብታስ?

ብሎክ_በእጄ

እሱን ለእኔ ተውልኝ። ሥራዬ እሱ ነው። መጀመሪያ ጉብታውን ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ዝጋው፣ ጉብታው ብቻ ይውጣ። ፕላስተሩ ሁለት ሥራ አለው፦ በዙሪያው ያለውን ይጠብቃል፣ ቁመቱንም ይነግርሃል። አዲስ ምላጭ ያዝ። ሁለቱን ጫፎች በጣቶችህ ይዘህ ምላጩን ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ራስህ አዘንብለህ ሳብ። እየቆረጥክ አይደለም፣ እየፋቅህ ነው፤ በትክክል ከያዝከው ጠጉር የመሰለ ነጭ ፍቅፋቂ ይወጣል። የምላጩ ጥግ እንዳይነክስ ሁለቱን ጥግ በትንሽ ፕላስተር ሸፍናቸው።

ፕላስተሩ ከፍታ ላይ ስትደርስ ምላጩን ጣልና ፕላስተሩን አንሳ። የቀረችውን በትንሽዬ ጠንካራ ብሎክ፣ የቴምብር ያህል እንጨት ይበቃል፣ በፒ 1000 ጉብታው ላይ ብቻ ንካት። ጉብታው ከዙሪያው ጋር ሲተካከል ብሎኩ ዙሪያውን መቧጠር ይጀምራል፤ ያኔ ወደ ፒ 1500፣ ከዚያ ፒ 2000። ትልቅ ብሎክ ግን አትጠቀም፣ ጉብታው ላይ ይወዛወዝና ሁለቱን ጎን ይበላዋል።

የወረደው ክሊር አዲስ ቢሆን ኖሮ ቆይ ነበር የምልህ፣ ወፍራም ስለሚሆን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ያንተ ግን ከርሟል።

እህተ_ጋራዥ

አንድ ቃል ብቻ፦ ወደ 480 ያነበበው ቦታ በዚህ ሥራ እንዳትወርድ። ስቱኮው ጋ ከደረስክ ደግሞ ውሃ ጠላትህ ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ በላዩ ቀለም ሲረጭበት ውሃው ታፍኖ ይቀራል፣ ቆይቶ ቀለሙን አረፋ ያስወጣዋል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ስቱኮ ሁሌም በደረቅ ነው የሚታሸው።

ሰማያዊ_በር

ጉብታው ሄደ! ምላጩ እንዲህ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቦታው አሁን ደብዛዛ ነው፣ ግን በዓይንም በጥፍርም አይታወቅም። ኮፈኑም እስከ ፒ 3000 ደርሷል። ወደ ማሽኑ ልግባ?

እህተ_ጋራዥ

መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑም ወለሉም ይድረቅ። ኬብል ያለው ማሽን ይዞ ውሃ ውስጥ መቆም የለም። ማንኛውንም ጥቁር ሸካራ ፕላስቲክ በፕላስተር ሸፍን፣ ኮምፓውንድ ከገባበት ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማውጣቱ መከራ ነው።

ዲኤውን ተጠቀም። ሮታሪው በፍጥነት ይቆርጣል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ለአፍታ ካዘገየኸው ሙቀቱ ክሊሩን ያቃጥላል፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ደግሞ የሚዞር ጥላ የመሰለ ምልክት ይተዋል። ለልምድ ጥሩ ነው፣ ግን በመጀመሪያ ሥራህ ላይ አይደለም።

ስፖንጁ ላይ አራት አተር የሚያህል ኮምፓውንድ አድርግ። ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ብቻ ያዝ። ማሽኑን አስቀምጠው፣ ከዚያ አስነሳው፤ በአየር ላይ ካስነሳኸው ግድግዳውን ነው የምትቀባው። በዝቅተኛ ፍጥነት አዳርሰው፣ ከዚያ ከፍ አድርገህ በዝግታ ሂድ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀድሞውን በግማሽ ይደርብ። የሰው ክንድ ሁሌም ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። እጅህን እያሳረፍክ ሙቀቱን ፈትሽ፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ ካላሳረፈ ቆም በል። ስፖንጁን በየቦታው በብሩሽ አራግፈው። የተቆረጠ ክሊርና የደረቀ ኮምፓውንድ ተሸክሞ አይሠራም።

ሰማያዊ_በር

የመጀመሪያው ቦታ አበራ። በስልክ መብራት ከጎን ሳየው ግን በጣም ደቃቅ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይታያሉ፣ ሁሉም ከግራ ወደ ቀኝ።

የድሮው_ቀቢ

አየህ የአቅጣጫው ጥቅም? ፒ 2000ን ከግራ ወደ ቀኝ ነበር የሄድክበት። በፒ 3000 ሳይጠፋ የቀረ የፒ 2000 ጭረት ነው። ኮምፓውንዱን ደጋግመህ አትታገለው፣ ክሊር ታባክናለህ። ያንን ቦታ ብቻ እንደገና በፒ 3000 ከፊት ወደ ኋላ እሸው፣ ተመልሰህ ኮምፓውንድ።

እህተ_ጋራዥ

ደግሞ ኮምፓውንድ ውስጥ ዘይት አለ፤ ደቃቅ ጭረት ይሞላና አልቋል ያስብልሃል፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይመለሳል። እያንዳንዱን ቦታ ስትጨርስ በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገውና ያኔ መብራት አብራበት። የጥርስ ሳሙና፣ የሚረጭ ዘይት፣ ምናምን «ጭረት ያጠፋል» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ፈተና አያልፍም።

ሰማያዊ_በር

ትክክል ነው፣ በፒ 3000 ተመልሼ ጠፋ። ከኮምፓውንዱ በኋላ በለስላሳ ስፖንጅና በማጨረሻ ፖሊሽ ሄድኩበት። የአምፖሉ ጠርዝ አሁን ቀጥ ብሏል፤ መሐሉ ላይ የተውኳቸው ነጥቦች የት እንደነበሩ ራሴም አላገኛቸውም። በሩም እንደዚያው።

አሁን የቀረው ጣሪያው ነው። ማስቀባቱን ትቼ ራሴ ብረጨውስ? የጣሳ ስፕሬይ አለ፣ ሃርድነር (ክሊሩን የሚያጠነክር ኬሚካል) ያለው ክሊር በጣሳ ይሸጣል ተባልኩ።

ብሎክ_በእጄ

ይቻላል፣ ግን የለቀቀው ላይ እንዳትረጭ። ከሥር ያለው ካልያዘ ከላይ ያለው አብሮ ነው የሚላጠው። የላላው ክሊር በሙሉ መነሳት አለበት፣ የያዘው ጠርዝ እስከሚጠፋ ድረስ በፒ 400 እየተለሳለሰ ይወርዳል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ስትዳስስ ደረጃው ከታወቀህ ገና ነው። ባዶ የሆነው ቦታ ላይ ፕራይመር፣ እሱ በፒ 600 ይታሻል፣ ከዚያ ቤዝ፣ ከዚያ ክሊር። የቤዙን ኮድ ከመኪናዋ ሰሌዳ ላይ ታገኘዋለህ። ጣሪያ ደግሞ ክሊሩን መሐል ላይ ማቆም አይቻልም፤ መጨረሻው መስመር ሆኖ ይታያል፣ መጀመሪያ የሚላጠውም እዚያ ነው። በጎን ያሉት የጎማ መስመሮች ማቆሚያ ይሆኑሃል። ይህን ስፋት በጣሳ እኩል መርጨት እንደ ኮፈኑ እሽታ አይቀልም፣ ልንገርህ።

እህተ_ጋራዥ

ሃርድነር ያለው ጣሳ ላይ ቆም እንበል። ሃርድነሩ አይሶሳያኔት ነው። በጣሳ ስለሆነ አይቀንስም፣ ያው ነው። የሰው አካል አንዴ ከተቆጣበት አስም ያመጣል፣ ከዚያ በኋላ በጣም ትንሹ ጭምር ይቀሰቅሰዋል፣ አይለቅም። ሽታው አያስጠነቅቅህም፤ ስትሸተው አልፏል። የአቧራ ጭንብል ለዚህ ዜሮ ነው። ባለሙያዎች ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭንብል ነው የሚያደርጉት፣ ቆዳና ዓይናቸውንም ይሸፍናሉ። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ፣ ልጆች በር ከፍተው በሚገቡበት ቦታ፣ ጨርሶ አይሞከርም። ሃርድነር የሌለው ጣሳ ደግሞ ጉዳቱ ያነሰ ነው፣ ግን ቤንዚን ጠብ ሲልበት ይለሰልሳል፣ ፀሐይ የምትመታው ጣሪያ ላይም ዕድሜ የለውም።

ምክሬ፦ ዝግጅቱን አንተ ሥራ። መላጡን፣ ማሸቱን፣ የማይረጨውን መሸፈኑን። የሥራው ጊዜ አብዛኛው እሱ ነው። ርጭቱን ክፍልና መሣሪያ ላለው ስጥ።

ሰማያዊ_በር

ይሄ ይሻላል። ከማሸቴ በፊት ግን ከሚረጨው ሰው ጋር ልነጋገር መሰለኝ?

የድሮው_ቀቢ

ግድ ነው። አንዳንዱ ቀቢ ሰው ያዘጋጀው ላይ አይረጭም፣ ኃላፊነት ስለማይወስድ። የሚረጭልህ ሰው የት ቁጥር ላይ እንድታቆምለት እንደሚፈልግ ይንገርህ። ባዶ ብረት ከወጣ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ፕራይመር እንዲያገኝ ቀጠሮህን አስተካክል። ሌላው፣ ጣሪያው አጠገብ ፖሊሽና ሰም አታድርስ፤ ሲሊኮን ያለበት ብናኝ ካረፈ ክሊሩ ሲረጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይሸሻል። ኮፈኑን ሰም የምትቀባው ጣሪያው ከተረጨ በኋላ ይሁን።

ብሎክ_በእጄ

አዲሱ ጣሪያ ላይ ግን ሰም ለመቀባት አትቸኩል፣ አንድ ወር ያህል ይተንፍስ። አቧራ ካረፈበት ግን በፒ 2000 ለማንሳት ብዙ አትጠብቅ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀላሉ ይቆረጣል፣ ሲከርም ይጠነክራል።

ሰማያዊ_በር

ቀቢው በፒ 600 ጨርሰህ ስጠኝ፣ ባዶ ብረት ካገኘህ ደውል ብሎኛል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ያለው ላስቲክ ግን ሊነሳ ነው ወይስ በፕላስተር ይሸፈን?

የድሮው_ቀቢ

ይነሳ። የሚላጠው ከሥሩ ነው የሚጀምረው።